መርከቦቼ ለምን አይተያዩም? የግጭት ሲሙሌሽን የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 9

ባለፈው እሑድ ከኢስታድ ወደ ሮነ ተሻገርን። ኢስታድ ደቡብ ስዊድን ያለች የወደብ ከተማ ናት። ሮነ ደግሞ ቦርንሆልም በምትባለው የዴንማርክ ደሴት ላይ ያለች ወደብ ናት። በፈጣኗ ፌሪ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ልጄ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ "አባዬ፣ ያቺ መርከብ ወደ እኛ እየመጣች ነው" አለችኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። በስተቀኛችን አንዲት ረጅም የጭነት መርከብ አለች። መስኮቱ ላይ የደረቀ የጨው ጠብታ ነበር፤ መርከቧ ልክ በጠብታው ትክክል ትታያለች። ከሁለት ደቂቃ በኋላም እዚያው ጠብታ ላይ ናት። ግን ተልቃለች። ልቤ ድንግጥ አለ። መርከበኛ መጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ሌላዋ መርከብ እየቀረበች የምትታይበት አቅጣጫ ካልተለወጠ፣ ሁለታችሁም ወደ አንድ ነጥብ እየሄዳችሁ ነው። በ1972 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የግጭት መከላከያ ደንብም በ7ኛው አንቀጽ ይህንኑ ይላል። 15ኛው ደግሞ በቀኝህ ለመጣችው መርከብ መንገድ ልቀቅ ይላል።

ፌሪዋ ወደ ቀኝ በትንሹ ታጠፈች። የጭነት መርከቧ ከጠብታው ወደ ግራ ተንሸራተተች። እኛም በኋላዋ አለፍን። ቡና ለመግዛት የተሰለፈው ሰው አንዱም ዞር ብሎ አላየም።

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። ማታ ቤት ገብቼ ልጄን ካስተኛሁ በኋላ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። እዚህ ባልቲክ ባሕር ላይ በዓመት ስንት ጊዜ እንዲህ ይሆናል? ከዚያስ ውስጥ ስንቱ ሳይታጠፍ ይቀራል? በሲሙሌሽን፣ ማለትም መርከቦቹን በኮምፒውተር አስመስዬ፣ ልሞክረው ወሰንኩ። ይህ ማስታወሻ የዚያ ሥራ ነው።

ጥቅምት 13

ዛሬ ኮድ አልጻፍኩም። ሳነብ ነው የዋልኩት።

የዘዴው መሠረት የተጣለው በ1970ዎቹ ነው። ፉጂ የተባለ ጃፓናዊ በአገሩ ጠባብ ባሕሮች ላይ፣ ማክዳፍ የተባለ ሌላ ተመራማሪ ደግሞ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው በዶቨር ሰርጥ ላይ ሠርተውበታል። ሐሳቡ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ መርከበኞች ሁሉ ዕውር ናቸው እንበል። ማንም አያይም፣ ማንም አይታጠፍም። ስንት መርከብ ይጋጭ ነበር? እነዚህን ዕጩ ግጭቶች እላቸዋለሁ። ቀጥሎ ዕጩዎቹን በአንድ ትንሽ ቁጥር እናባዛለን። ያ ቁጥር ሰው ወይም መሣሪያ ስቶ ዕጩው እውነተኛ ግጭት የሚሆንበት ዕድል ነው። ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ሄደው ከአሥር ሺህ አንድ አካባቢ ላይ ነው የደረሱት።

የመጀመሪያውን ደረጃ ለማስላት በዴንማርክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ፔደርሰን በ1990ዎቹ ያወጣው ቀመር አለ። በወረቀት ሞከርኩት። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲቀሉ የመረጥኳቸው ናቸው እንጂ የባሕሩ ቆጠራ አይደሉም። በአንድ መስመር በቀን 50 የጭነት መርከቦች ያልፋሉ። ርዝመታቸው 150 ሜትር፣ ስፋታቸው 24፣ ፍጥነታቸው 12 ኖት (በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነው። ይህን መስመር በቀን 6 ጊዜ አንዲት ፌሪ ቀጥ ብላ ታቋርጠዋለች። ርዝመቷ 110 ሜትር፣ ስፋቷ 28፣ ፍጥነቷ 30 ኖት።

በመጀመሪያ የሚወጣው የግጭት ስፋት ነው። ይህም ሁለቱ አካላት ሳይነካኩ ሊተላለፉ የማይችሉበት ወርድ ማለት ነው። 215 ሜትር መጣ። አንጻራዊ ፍጥነታቸው 32.3 ኖት ነው። ሁሉንም ሳስገባው በዓመት 47 ዕጩ ግጭት ወጣ። ዛሬ ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት ኢራፕ በተባለው ሶፍትዌር ውስጥ ለሚያቋርጡ መርከቦች የተቀመጠው ቁጥር ከአሥር ሺህ 1.3 ነው። አባዛሁት። በ160 ዓመት አንድ ግጭት።

160 ዓመት ሲሉት ያጽናናል። ግን ይህ የአንድ ማቋረጫ ብቻ ነው። በባልቲክ ስንት ማቋረጫ አለ! ደግሞ ያ የመጨረሻው ማባዣ አላስተኛኝም። የሰው ልጅ ድካም፣ ቸልታና ፍርሃት ሁሉ በአንድ ቁጥር ተጠቅልሎ ገብቷል።

ጥቅምት 20

ዳታ። የዴንማርክ የባሕር ባለሥልጣን የመርከቦችን የኤ.አይ.ኤስ. መዝገብ በየቀኑ ከፍሎ በነፃ ያስቀምጣል። ኤ.አይ.ኤስ. መርከቦች ማንነታቸውን፣ ቦታቸውን፣ ፍጥነታቸውንና አቅጣጫቸውን በሬዲዮ የሚያሰሙበት መሣሪያ ነው። እየሄዱ ከሆነ እንደ ፍጥነታቸው በየ2 እስከ 10 ሰከንዱ፣ መልሕቅ ጥለው ከቆሙ በየ3 ደቂቃው ይናገራል። የአንድ ቀን ፋይል ብቻ ከ10 ሚሊዮን ረድፍ በላይ አለው። ላፕቶፔ ሲከፍተው አቃሰተ።

ካርታ ላይ ሳወጣው ግን ዝም ብዬ ተመለከትኩት። በስዊድንና በቦርንሆልም መካከል ያለው መተላለፊያ ቦርንሆልምስጋት ይባላል። ስፋቱ ከ40 ኪሎ ሜትር በታች ነው። እዚያ መንገዱ እንደ አስፋልት በሁለት አቅጣጫ ተከፍሏል፤ ሂያጁ በአንድ በኩል፣ መጪው በሌላ በኩል። ነጥቦቹ ሁለት ወፍራም ገመድ ሠርተዋል። የኢስታድና የሮነ ፌሪ ደግሞ ከዚያ በስተምዕራብ በኩል በቀጭን ክር ታቋርጣቸዋለች። እሑድ ዕለት የቆምንባት ክር ናት።

ከዚያ ጽዳት ተጀመረ። 102.3 ኖት የምትበር መርከብ አገኘሁ። በስታንዳርዱ ይህ ቁጥር "ፍጥነት አይታወቅም" ማለት ነው። 511 ዲግሪ ያዞረችውም አቅጣጫዋ አይታወቅም ማለት ነው። 91 ዲግሪ ሰሜን ላይ ያለችው ቦታዋ አይታወቅም፤ ምድር በ90 ታበቃለችና። ለሰዓታት ንቅንቅ የማይሉ ሦስት "መርከቦች" ደግሞ ተንሳፋፊ የመንገድ ምልክቶች ሆነው ተገኙ። እነሱም ኤ.አይ.ኤስ. አላቸው።

ጥቅምት 27

ሙሉ ሳምንት ሦስት ስህተት ላይ አለፈ። ሌላ ሰው እንዳይደክምበት እጽፋቸዋለሁ።

አንደኛ፣ መርከቦቼ ወደ ጎን ተለጥጠው ነበር። በ55 ዲግሪ ሰሜን የኬክሮስ አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ነው። የኬንትሮሱ ግን 64 ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱንም እኩል ቆጥሬ ኖሯል። ምሥራቅና ምዕራብ የነበሩ ርቀቶች ሁሉ ወደ ሁለት እጥፍ ተጠግተዋል።

ሁለተኛ፣ የአቅጣጫ አማካይ። አንዱ ረድፍ 359 ዲግሪ ይላል፣ ቀጣዩ 1 ዲግሪ። ሁለቱም ወደ ሰሜን ናቸው። በተራ ስሌት አማካያቸው 180 ይሆናል፤ መርከቧ ወደ ደቡብ ዞረች ማለት ነው። አቅጣጫን ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ በሚያመለክቱ ሁለት ክፍሎች ለይቶ መደመር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ከሁሉም ያሳሰበኝ ነው። ኤ.አይ.ኤስ. የሚሰጠው የአንቴናውን ቦታ እንጂ የመርከቧን መሐል አይደለም። 225 ሜትር ርዝመት ያላት መርከብ አንቴናዋ ከኋላዋ ጫፍ 30 ሜትር ላይ ቢሆን፣ መሐሏ ከነጥቡ 82 ሜትር ወደፊት ነው። ይህን ካላረምክ የግጭቱ ስፋት ላይ ትልቅ ስህተት ይገባል። ደግነቱ መርከቦቹ ከአንቴናው እስከ አፍንጫ፣ እስከ ጅራት፣ እስከ ግራና ቀኝ ያለውን ርቀት ያሳውቃሉ። አንዳንዶቹ ዜሮ ብለው ይተዉታል። እነሱን ለየብቻ አስቀመጥኳቸው።

ኅዳር 2

የመጀመሪያው ሲሙሌሽን ሄደ። ዕውር መርከቦችን በዘፈቀደ ሰዓት አስገባለሁ፤ ፌሪዋን አቋርጣለሁ፤ መነካካታቸውን እቆጥራለሁ። መለኪያዬ የወረቀቱ 47 ነው። ሲሙሌሽኑ ወደዚያ ካልተጠጋ አላምነውም።

አልተጠጋም፤ በጣም አነሰ። ግማሽ ቀን ፈለግኩ። ችግሩ የሰዓቱ እርምጃ ነበር። በየ30 ሰከንዱ ነበር የማያቸው። ፌሪዋ በ30 ሰከንድ 463 ሜትር ትሄዳለች። ስለዚህ በአንዱ ምስል ከጭነት መርከቧ በዚህ በኩል ናት፣ በሚቀጥለው በዚያ በኩል። መሐል ለመሐል ሰንጥቃት አልፋለች፤ ኮዱ ግን አላየም። እርምጃውን ወደ 1 ሰከንድ አወረድኩት። አሁን ደግሞ እጥፍ ሆነ። ሀ ለን ነካ፣ ለ ሀን ነካ እያለ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል። እሱንም አስተካከልኩ። ከዚያ በኋላ የመቶ ዓመት ሲሙሌሽን ባስኬድ በዓመት ከ47 ብዙም አይርቅም።

አንድ የተማርኩት ነገር አለ። ለሚያቋርጡ መርከቦች ከመንገዱ መሐል ምን ያህል ቢበታተኑ ቁጥሩ አይለወጥም። ፊት ለፊት ለሚመጡትና ለሚቀዳደሙት ግን መበታተኑ ነው ዋናው። መስመሮቹ ተለያይተው ከተሰመሩ የፊት ለፊቱ ዕጩ ይከስማል። በካርታው ላይ ያ ክፍፍል ምን እንደሚሠራ በቁጥር አየሁት።

ኅዳር 8

ዛሬ በከባድ ልብ ነው የምጽፈው።

የእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 13 ቀን 2021ን ፋይል አወረድኩ። በእኛ ታኅሣሥ 4 ቀን 2014 ነው። በዚያ ሌሊት ስኮት ካሪየር የተባለች 90 ሜትር የጭነት መርከብና ካሪን ሆይ የተባለች 55 ሜትር የዴንማርክ መርከብ በኢስታድና በቦርንሆልም መካከል ተጋጩ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ካሪን ሆይ ተገለበጠች። ውስጧ የነበሩት ሁለት ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ።

ሁለቱን መስመሮች በስክሪኔ ላይ እያንቀሳቀስኩ አየኋቸው። ሁለቱም ወደ ምዕራብ ነው የሚሄዱት፤ አንዷ ወደ ስኮትላንድ፣ አንዷ ወደ ዴንማርክ። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ አንዱ መስመር ይታጠፋል። መርማሪዎቹ እንዳረጋገጡት በስኮት ካሪየር ማዘዣ ክፍል የነበረው መኮንን የታቀደው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ አካባቢው ነፃ መሆኑን ሳያይ ታጠፈ። ዓይኑ ታብሌት ላይ ነበር፤ አልኮልም ጠጥቶ ነበር። በጨለማ መኖር የነበረበት ተጨማሪ ጠባቂም አጠገቡ አልነበረም። ኋላ የስዊድን ፍርድ ቤት የ18 ወር እስራት ፈርዶበታል።

ፋይሉን ሦስት ጊዜ መለስኩት። ከዚያ ወደ ኮዴ ሄድኩ። መርከቦቼ ሁሉ ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት። አንድም የምትታጠፍ የለችም። የዚያ ሌሊት ግጭት በእኔ ሞዴል ውስጥ ሊፈጠር አይችልም ነበር።

ኅዳር 14

መታጠፊያዎችን አስገባሁ። ከቦርንሆልምስጋት የወጡ መርከቦች ይበታተናሉ። አንዱ ወደ ኤሬሱንድ፣ አንዱ ወደ ታላቁ ቤልት (ሁለቱም ከባልቲክ መውጫ ሰርጦች ናቸው)፣ አንዱ ወደ ጀርመን ወደቦች። በተከፈለው መንገድ ላይ ተሰልፈው የነበሩት እዚያ ላይ እንደ ጣት ይከፈታሉ። ሞዴሉ ሲታደስ የዕጩዎቹ ክምችት ቦታ ለወጠ። ከጠባቡ መንገድ ወጥቶ ወደ መውጫው ሄደ። ሥርዓት ያለው መንገድ ራሱን ይጠብቃል፤ ሥርዓቱ የሚያበቃበት ቦታ ላይ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ውሳኔ ይወስናል።

ለቅርብ መተላለፍ መለኪያ የፉጂን ሞላላ ተጠቀምኩ። እያንዳንዱ መርከብ በዙሪያው ሌላ እንዲገባበት የማይፈልገው ቦታ አለው። ፉጂ በ1971 ርዝመቱ የመርከቧን 8 እጥፍ፣ ወርዱ 3.2 እጥፍ ብሎት ነበር። ከ40 ዓመት በኋላ በዴንማርክ ባሕር በኤ.አይ.ኤስ. ሲለካም ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል። ለ150 ሜትር መርከብ 1200 በ480 ሜትር ነው። ይህ ሞላላ በስሌት የመጣ ሳይሆን ከመርከበኞች ልማድ የተለካ ነው። ለዚህ ነው የወደድኩት።

ኅዳር 19

አብሮ አደጌ ደወለልኝ። በንግድ መርከብ ላይ ሁለተኛ መኮንን ነው። ተረኛ የሚሆነው ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት ነው። ያችን ሰዓት ከእሱ በላይ የሚያውቃት የለም ብዬ ጠየቅኩት።

"ስማ ወንድሜ፣" አለኝ፣ "ሌሊት 6 ሰዓት ሲቀሰቅሱህ ሰውነትህ ይነሳል። ዓይንህ ግን አልጋው ላይ ይቀራል። እሱን ፍለጋ አንድ ሰዓት ይፈጅብሃል።"

ስለ ማንቂያው ጠየቅኩት። በማዘዣ ክፍሉ ውስጥ መኮንኑ ነቅቶ እንደሆነ የሚፈትሽ መሣሪያ አለ። ከ3 እስከ 12 ደቂቃ ባለ ልዩነት ምልክት ይሰጣል፤ ካልተመለሰለት ይጮኻል። በ12 ኖት 12 ደቂቃ ማለት 4.4 ኪሎ ሜትር ነው።

"ጥሩ ነው፣ ሰው አድኗል" አለኝ። ቀጠለና፣ "ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ጣቴ ቁልፉን ይጫናል። ባሕሩን ማየቴን ግን ማንም አይጠይቀኝም።"

ወዲያው ጻፍኩት። በሞዴሌ ውስጥ "ነቅቷል" እና "ያያል" አንድ ተለዋዋጭ ነበሩ። ለየኋቸው።

ስለ ፉ ሻን ሃይም አነሳልኝ። በግንቦት 31 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ከቦርንሆልም በስተሰሜን 225 ሜትር የሆነችው የቻይና መርከብ ግዲኒያ ከተባለች ሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። 66 ሺህ ቶን ፖታሽ ጭና ነበር። 27ቱም መርከበኞች ተርፈዋል። ቀን ነው፣ እይታው ጥሩ ነው። "እነዚያ ተያይተው ነው የተጋጩት" አለኝ። መንገድ መልቀቅ የነበረባት ግዲኒያ ነበረች፤ በጊዜ አልለቀቀችም። ሌላዋ ደግሞ መንገዷን ይዛ እንድትቆይ ደንቡ ያዛታል፤ እስከ መቼ ድረስ እንደሆነ ግን መኮንኑ ነው የሚፈርደው። ስለዚህ ማየት ብቻ አይበቃም። "መቼ ወሰነ" የሚለውንም ጨመርኩ።

ኅዳር 27

አሁን መርከቦቼ ሰው አላቸው። እያንዳንዱ መኮንን በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ቀና ይላል። ካየ የመቀራረቢያውን ርቀትና ሰዓት ያሰላል። መንገድ መልቀቅ ያለበት እሱ ከሆነ ይታጠፋል። ካልታጠፈ ሌላኛው ሁለተኛ ዕድል አለው። ግጭት የሚኖረው ሁለቱም ሲስቱ ነው።

በመጀመሪያ ቀላሉን አሰብኩ። እያንዳንዱ መኮንን ከመቶ አንድ ጊዜ ይስታል እንበል። ሁለቱም የመሳታቸው ዕድል መቶኛ በመቶኛ ሲባዛ ከአሥር ሺህ አንድ ይሆናል። ፉጂና ማክዳፍ አካባቢው የደረሱበት ቁጥር! ደስ ብሎኝ ከወንበሬ ተነሳሁ።

ሻይ አፍልቼ ስመለስ ደስታው ቀዘቀዘ። ሁለቱ መኮንኖች እኮ አይተዋወቁም ማለት የሚያስታቸው ነገር አንድ አይደለም ማለት አይደለም። ሌሊቱ የጋራ ነው። ጉሙ የጋራ ነው። በዚያች ሰዓት ሁለቱም ብቻቸውን ሊቆሙ ይችላሉ። እንዲህ ብዬ ሞከርኩ፦ ከጊዜው 5 በመቶው ክፉ ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት እያንዳንዱ ከአሥር አንድ ጊዜ ይስታል። በቀረው 95 በመቶ እንደ ቀድሞው ከመቶ አንድ። የአንዱ መኮንን አማካይ ስህተት ከ1 በመቶ ወደ 1.45 ነው የወጣው። የሁለቱ አብሮ መሳት ግን ከአሥር ሺህ 1 ወደ 6 ገደማ ዘለለ።

ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው። የስሌቱ ጠባይ ግን የእኔ አይደለም። ስድስት እጥፍ የሚሆነው አደጋ የተጨመረው በአንዲት ትንሽ የሌሊት ቁራጭ ነው። የዓመቱን አማካይ ብቻ የሚያይ ሞዴል ይህችን ቁራጭ አያያትም።

ሲሙሌሽኑ ይህን በራሱ እንዲያወጣው ትዕግሥት ይጠይቃል። ከአሥር ሺህ አንድ የሚሆን ነገር በ10 በመቶ ስህተት ለመለካት መቶ ግጭት ማየት አለብህ። መቶ ግጭት ለማየት ሚሊዮን መገናኘት ያስፈልጋል። ማታ አስጀምሬው እተኛለሁ፤ ጠዋት የላፕቶፑ ማራገቢያ ገና እየጮኸ ነው።

ታኅሣሥ 4

ቀኑን አስቤ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

ዓለም አቀፉ የመርከበኞች ሥልጠናና የተረኝነት ደንብ መኮንን ብቻውን ጠባቂ ሆኖ እንዲቆም የሚፈቅደው በቀን ብርሃን ብቻ ነው፤ ያም በሁኔታ። በጨለማ ሌላ ሰው ሊኖር ይገባል። ይህን ሰው ወደ ሞዴሉ አስገባሁት። ስም አልሰጠሁትም። ቡና ይዞ መስታወቱ አጠገብ የሚቆም ሰው ብዬ ነው በልቤ የያዝኩት። እሱም ቢሆን ፍጹም እንዲሆን አላደረግኩም። በክፉው ሰዓት ከሦስት አንድ ጊዜ ለሚጠጋ እሱም ይስታል፤ 30 በመቶ አልኩት።

ያኔ በክፉ ሰዓት የአንዲት መርከብ የመሳት ዕድል ከ10 በመቶ ወደ 3 ይወርዳል። የሁለቱ አብሮ መሳት ከአሥር ሺህ 6 ወደ 1.4 ወረደ። ራዳሩን አልለወጥኩም። ፍጥነቱን፣ መንገዱን አልነካሁም። በአምስት በመቶው ሰዓት ብቻ አንድ ሰው ጨመርኩ።

ውጤቱን ለአብሮ አደጌ ላክሁለት። ባሕር ላይ ነው። ከአራት ሰዓት በኋላ መለሰ፦ "አሁን ከተረኝነት ወጣሁ። ዛሬ ሁለት ነበርን።"

ቀጣዩ ሥራ ጉም ነው። እይታው ከ2 ባሕራዊ ማይል በታች ሲሆን መስታወቱ አጠገብ የቆመው ሰው ምን ያህል እንደሚጠቅም መፈተሽ እፈልጋለሁ። የዛሬ ሌሊቱ ሙከራ ተጀምሯል፤ 40 ሺህኛው መገናኘት ላይ ደርሷል።